የእትዬ ሳቢት ድንጋይ

አድነው ብቻውን ሥራ የተሰጠው ሃያ ሦስት ዓመት ሲሞላው ነበር። እስከዚያ ድረስ የሰው ረዳት ሆኖ ኖሯል፤ ሌላው ግንበኛ ሲገነባ እሱ ድንጋይ ያቀብላል፣ ሌላው ከአሠሪው ጋር ሲነጋገር እሱ ባልዲ ያጥባል። መገንባቱን ሳያውቅበት ቀርቶ አይደለም፤ መናገሩ ነው ያቃተው። ሰው ሲያናግረው እጁ ላይ ያለውን ነገር ይመለከታል፤ መዶሻ ከያዘ መዶሻውን፣ ካልያዘ ጥፍሩን። የጉለሌ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን አይምርም። «አድነው ቀና ያለ ቀን በበጋ ዝናብ ይጥላል» ይሉታል። እሱም ይሰማል፣ ፈገግ ይላል፣ መልሶ ጥፍሩን ያያል።

ሥራውን የሰጡት ጋሽ መዝገቡ የሚባሉ ጡረታ የወጡ የመሬት ቀያሽ ናቸው። ትርፍ ቤት የተወረሰ ጊዜ ሁለት ቤት ሄዶባቸው፣ ከጳውሎስ ወደ ላይ ባለው ዳገት የሚኖሩበት አንዱ ቤትና ግቢው ብቻ ቀርቷቸዋል። ከዚያ ወዲህ አምስት ዓመት ሙሉ ልባቸውን ግቢያቸው ላይ ጥለው ኖሩ። ጽጌረዳውን ይገርዛሉ፣ ጎመኑን ይኮተኩታሉ፣ ሣሩን በመቀስ ያስተካክላሉ።

በ1972 ዓ.ም. ጥቅምት ሲያልቅ አድነውን አስጠርተው ከምሥራቅ ጀርመን የመጣ ካላንደር አሳዩት። በአንዱ ወር ሥዕል ላይ፣ በሰው ግቢ ውስጥ፣ ጥቁር ድንጋዮች ተደራርበው ውሃ በላያቸው ላይ ይወርዳል፤ ከሥር የመታጠቢያ ሳፋ የምታህል ኩሬ አለች።

«እንዲህ ያለ ትሠራልኛለህ?» አሉት።

አድነው ካላንደሩን አየ። «እሠራለሁ ጋሼ።»

«ሲሚንቶ እንዳይታይ። መዶሻ የነካው ድንጋይም አልፈልግም። እግዜር እንዳስቀመጠው ያለ፣ የተፈጥሮ ድንጋይ። ግቢው ሲፈጠር አብሮ የነበረ እንዲመስል ነው የምፈልገው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ከቀበሌ መጥተው ምንድን ነው ቢሉህ የጎመን ማጠጫ ነው። ውሸትም አይደለም፤ ውሃው መጨረሻ ላይ የሚገባው ጎመኑ ውስጥ ነው።»

ባለቤታቸው ወይዘሮ ሙሉእመቤት በረንዳው ላይ ምስር ይለቅሙ ነበር። «አዎ፣ ጎመን ፏፏቴ እያየ ካላደገ አይጣፍጥም» አሉ፣ ቀና ሳይሉ።

አድነው ሥራውን ወደደው። የጉድጓዱን ውሃ የሚይዘውን በርሜል ከቁጥቋጦው ኋላ ከፍ አድርጎ ሰቀለ፤ ቧንቧውን መሬት ውስጥ ቀበረ፤ የኩሬዋን ወለል አጥብቆ ሠራና ዙሪያዋን በወንዝ ጠጠር ከበበ። በዘጠነኛው ቀን የቀረው ውሃው የሚወርድበት የፊቱ ድንጋይ ብቻ ነበር። ከእንጦጦ ሥር ሦስት ድንጋይ አከታትሎ አመጣ። ሦስቱም ሻካራ ሆኑ፤ ውሃው በላያቸው ተሰነጣጥቆ ወደ ጎን ይረጫል።

«አይደለም» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «እንደ ነጠላ ተዘርግቶ እንዲወርድ ነው። ና፣ ወንዝ እንውረድ፤ እኔው እመርጣለሁ።»

ማክሰኞ ወደ ማታ፣ ከቁስቋም በኩል ወደሚወርደው ወንዝ ሄዱ። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች ተነሥተው ሄደዋል፤ ሣሩ ገና እርጥብ ነው፣ በዳር በዳሩ የሳሙና አረፋ ተንጠልጥሏል። ጋሽ መዝገቡ በከዘራቸው ድንጋዮቹን እየነኩ ወደ ላይ ተራመዱ፤ ወንዙ ከሚታጠፍበት ቦታ ሲደርሱ ቆሙ።

ድንጋዩ ክንድ ተኩል ይረዝማል፤ ውፍረቱ ስንዝር አይሞላም። አንዱ ጫፉ ውሃ ውስጥ ገብቷል፣ ሌላው ዳሩ ላይ ተኝቷል፤ መሐሉ እንደ ኮርቻ ለስለስ ብሎ ጎድጉዷል። ጋሽ መዝገቡ በእጃቸው ዳሰሱት፤ እንደገና ዳሰሱት።

«ይኸው» አሉ። «ተፈጥሮን እያት። ስንት ሺህ ዓመት ውሃ ሲወርድበት ኖሮ ይሆን? እንዲህ ያለ ማለስለስ የሰው እጅ አይችልም።»

ድንጋዩን ያለሰለሰው የማን እጅ እንደሆነ አድነው ያውቃል። ድንጋዩ የእትዬ ሳቢት ነው። እትዬ ሳቢት ከእሱ ጋር ግድግዳ የሚጋሩ፣ የሰው ልብስ በማጠብ የሚተዳደሩ ባልቴት ናቸው። በዚያ ድንጋይ ላይ አማታቸው ሃያ ዓመት አጥበውበታል፤ እሳቸው ደግሞ ሃያ ሰባት ዓመት። በየቅዳሜው የአድነውን የሥራ ቱታ ሳይጠይቁት ከበሩ ላይ አንሥተው ከሰው ልብስ ጋር ያጥቡለታል፤ ሊያመሰግን ሲሞክር «ዝም በል፣ ስትናገር ያመሃል» ይሉታል።

ጋሽ መዝገቡ ከድንጋዩ ቀና አሉ። «ባለቤት የለውም አይደል? እዚህ የሚያጥቡ ሴቶች አሉ። የሰው ነገር ነክቼ ስሜ እንዲነሣ አልፈልግም። ካለው ንገረኝ፣ እንተወዋለን።»

«የእትዬ ሳቢት ነው» ለማለት ሦስት ቃል ይበቃል። ሰውየውም መልሱን እየጠበቁ ነበር። ነገር ግን ፊታቸው እንደ ልጅ በርቷል፤ አድነው ደግሞ ያን ፊት ማጥፋት አቃተው። ይህን ከከለከላቸው እንደሱ ያለ ሌላ ድንጋይ አምጣ ይሉታል፤ ሌላ ደግሞ የለም። የመጀመሪያ ሥራው ሳያልቅ ይቀራል። ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ አሰበ። ከዚያ ጥፍሩን አየ።

«የለውም ጋሼ። የወንዝ ድንጋይ ነው።»

«ነገ ጠዋት እናስነሣው?»

«ከሰዓት በኋላ ይሻላል» አለ አድነው።

ለምን ከሰዓት በኋላ እንዳለ ያውቃል። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የሴቶች ማኅበር በቀበሌ ውይይት አለው፤ መቅረት አይቻልም። ወንዝ ዳር አንዲት ሴት አትገኝም። የገዛ አፉ ሰዓቱን ሲመርጥ ጆሮው ሰማው። ስለዚህ ከዚያ በኋላ «ሳላስበው ነው» ብሎ ራሱን ሊያጽናና በሞከረ ቁጥር ይህች «ከሰዓት በኋላ» ትመጣበታለች።

በማግስቱ ጉታ የሚባል የቀን ሠራተኛ ይዞ ወረደ። ጉታ የሰላሌ ሰው ነው፤ ከዚያ ሥራ በኋላ ለአጨዳ አገሩ ሊገባ ተሰናድቷል። ድንጋዩን በድጅኖ ሲፈነቅሉት ከሥሩ፣ ከጭቃው ውስጥ፣ ቁልፎች ወጡ። የሸሚዝ ቁልፍ፣ የካፖርት ቁልፍ፣ አንድ የወታደር ቁልፍ።

«ይሄ ድንጋይ ሱቅ ነበረው እንዴ?» አለ ጉታ እየሳቀ።

አድነው ቁልፎቹን በእግሩ አፈር አለበሳቸው። «ያዝ፣ እናንሣ» አለ። በባሬላ አድርገው በጓሮ መንገድ፣ በባሕር ዛፉ ውስጥ አወጡት። ከአንዲት ፍየል በቀር ያያቸው አልነበረም።

ድንጋዩ ቦታው ላይ ሲቀመጥ ጋሽ መዝገቡ ራሳቸው ቧንቧውን ከፈቱ። ውሃው መሐሉ ላይ ተሰብስቦ፣ እንደ ነጠላ ተዘርግቶ፣ ድምፅ ሳያሰማ ወረደ። ሰውየው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እጅህ ይባረክ» አሉት። በሕይወቱ ሰው ባርኔጣ አውልቆለት አያውቅም።

ጥቂት ቆይቶ ኩሬዋ ላይ ነጭ አረፋ ተንሳፈፈ። ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከበረንዳው ወርደው ጎንበስ ብለው አሸተቱ። «መዝገቡ፣ ፏፏቴህ ሳሙና ሳሙና ይላል።»

«የወንዝ አረፋ ነው። ይጠራል።»

«እንዶድም አለበት። እኔ የልብስ ሽታ ይጠፋኛል?»

አድነው ዕቃውን ሰብስቦ ሳይሰናበት ወጣ። እነሱም ይህንን እንደ ልማዱ ቆጠሩት።

ሐሙስ ረፋዱ ላይ እትዬ ሳቢት በሩ ላይ ቆሙ። ያልታጠበ ልብስ የሞላ ዘንቢል በጀርባቸው ነበር።

«አድንዬ፣ ድንጋዬ የለም።»

«የት... የት ሄዶ?»

«እግር የለው፣ የት ይሄዳል? ወሰዱት እንጂ። ቦታው እንደወለቀ ጥርስ ክፍት ብሎ ይታያል።» ዘንቢሉን አውርደው ደፉ ላይ ተቀመጡ። «እንዳላለቅስ ለድንጋይ አለቀሰች እባላለሁ። እንዳልተወው ደግሞ እንጀራዬ ነው።»

አድነው ዘንቢሉን ተመለከተ። እሱ ዝም ማለቱን ማንም አያስተውለውም፤ ሁልጊዜ ዝም ነው። ያ ልማዱ የዚያን ቀን መሸሸጊያ ሆነው፤ መሸሸጊያው ግን አቃጠለው።

«አንተ የድንጋይ ሰው ነህ» አሉ እትዬ ሳቢት። «ሌላ ፈልግልኝ። ከአንተ በቀር ማንን እለምናለሁ?»

ፈለገላቸው። የዚያኑ ቀን ከላይኛው ወንዝ ጠፍጣፋ ድንጋይ አግኝቶ አመጣ፤ ልክ እንደ ቀድሞው ዘንበል አድርጎ ተከለው፤ ሻካራውን በመሮ አስተካከለው። ለራሱ ግቢ እንኳ እንዲህ ተጠንቅቆ አይሠራም ነበር። እትዬ ሳቢት ሦስት ጊዜ መረቁት። ሦስቱንም ቆሞ ተቀበለ።

በማግስቱ ያ ድንጋይ የአንድ ደንበኛ አንሶላ ቀደደ። ሰኞ ደግሞ የሕፃን ልብስ ክር መዘዘ። እትዬ ሳቢት አልተቆጡም። «መጥፎ አይደለም፣ ጨቅላ ነው» አሉ። «ያኛውን ሁለት ሴት ዕድሜያችንን ሰጥተን ነው ያሳደግነው። ይሄንን ማን ያደርስልኛል?»

ሰው የሚያጽናናው ሲያጣ የሚጠረጥረው ይፈልጋል። ከእትዬ ሳቢት ዝቅ ብላ የምታጥበው ዓሊማ የምትባል፣ የአራት ልጆች እናት ነበረች። አረፋሽ ወደ እኔ ይወርዳል፣ ያንቺ ልጅ ውሃዬን አደፈረሰ እየተባባሉ ስንት ዓመት ኖረዋል። በዚያው ሳምንት፣ ወንዝ ዳር፣ በሴቶቹ ሁሉ ፊት፣ እትዬ ሳቢት «ሌባ» አሏት።  ዓሊማ እጇን አድርቃ፣ ነጠላዋን ለብሳ፣ በቀጥታ ወደ ቀበሌው የፍርድ ሸንጎ ሄደች።

ነገሩ አርብ ከሰዓት በኋላ ታየ። የቀበሌው አዳራሽ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር፤ ሲሞላ ይታፈናል። የዚያን ቀን ስለ ድንጋይ ክስ አለ ተብሎ ሞልቷል። ዳኛው ጓድ ቦጋለ ይባላል፤ ከጠዋት ጀምሮ የአጥርና የዶሮ ጠብ ሲሰማ ውሎ ደክሞታል።

«ሌባ አለችኝ» አለች ዓሊማ። «እኔ ልጆቼን የማሳድገው የሰው ልብስ ታምኜ ነው። ነገ አንሶላውን የሚሰጠኝ ማን ነው?»

«ወይዘሮ ሳቢት፣ ብለዋል አላሉም?»

«ብያለሁ። ድንጋዬን ወስዳለች። ቦታዬን ስትመኝ ነው የኖረች።»

«ምስክር አለዎት?»

«አለኝ። አድነው ይነሣ። ድንጋይ በራሱ እንደማይሄድ ይንገራችሁ።»

አዳራሹ ወደ እሱ ዞረ። አድነው ተነሣ። እጁ ላይ ቆቡ ነበር፤ ቆቡን ተመለከተ።

«ድንጋዩን ታውቀዋለህ?» አለ ጓድ ቦጋለ።

«አውቀዋለሁ።»

«ወደኛ ተናገር፣ ቆቡ አልጠየቀህም። በራሱ ሊሄድ ይችላል?»

«አይችልም።»

«ጎርፍ ቢወስደውስ?»

«በኅዳር ጎርፍ የለም።»

እትዬ ሳቢት ዓሊማን ዞር ብለው አዩአት። ምስክራቸው እያሸነፈላቸው ነበር።

«ስለዚህ የወሰደው ሰው ነው። እሺ፤ አንዲት ሴት ልታነሣው ትችላለች?»

 ይህ ጥያቄ ለአድነው በር ከፈተለት። አንድ በር ብቻ። እውነት ተናግሮ ዓሊማን ነጻ ማውጣት ይችላል፤ ራሱንም መደበቅ ይችላል።

«አትችልም።»

«ሁለት ሴት?»

«ከባድ ነው። ሁለት ወንድ ይፈልጋል። በባሬላ።»

ከኋላ በኩል አንዱ፣ «እንግዲያው ግንበኛው ራሱ ወስዶት እንዳይሆን» አለ።

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አድነው ሌባ የሚሆንበት ቀን ለማንም አልታየውም፤ ቀልዱ ያሳቀውም ለዚህ ነው። ጓድ ቦጋለ ራሱ ፈገግ አለ። እትዬ ሳቢት እንኳ በዚያ ጭንቀታቸው መሐል ሳቁ።

አድነውም አብሮ ሳቀ።

ሳቁ ከአፉ ሲወጣ የሰውነቱ ሙቀት አብሮት የወጣ መሰለው። ተቀመጠ። ቀጥሎ የተባለውን በግማሽ ጆሮ ሰማ፤ ምስክሩ የቀረበው በእትዬ ሳቢት በኩል ሆኖ ሳለ የተጠቀመችው ዓሊማ መሆኗን፣ ያለ ማስረጃ የሰው ስም መጥፋቱን፣ ስለዚህ በሕዝብ ፊት ይቅርታ መጠየቅ እንደሚገባ። እትዬ ሳቢት ተነሡ። ዓሊማን በዕድሜ በሃያ ዓመት ይበልጧታል። ጉልበቷን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ መቀነታቸው ተፈታ፤ ዓሊማ ፈጥና ክንዳቸውን ይዛ አቆመቻቸው። «ይብቃ» አለች፣ እሷም አፍራ።

ከአዳራሹ ሲወጡ አንዲት ሴት «እትዬ ሳቢት፣ አሞራ ወስዶት ይሆናል፤ ወደ ላይም ፈልጉት» አለች። እሳቸው ሰምተው እንዳልሰሙ ሆነው አለፉ። አድነው ከኋላ ይከተላቸው ነበር። መታጠፊያው ላይ ቆመው ጠበቁት።

«ፊትህ ለምን ጠቆረ?» አሉት። «በእኔ ላይ መሰከርኩ ብለህ ከሆነ አይክበድህ። ሴት ልጅ አትችለውም አልክ፤ እውነትህን ነው። እኔ ነኝ ያበድኩት። ብቻ አፈርኩ፣ አድንዬ። በዚህ ዕድሜዬ ሰው አሳቅሁ።»

ይህን ብለው ወደ ቤታቸው ገቡ። አድነው አልገባም። ዳገቱን ወጥቶ የጋሽ መዝገቡን በር አንኳኳ።

ጋሽ መዝገቡ በርጩማ ላይ ተቀምጠው ውሃውን ያዩ ነበር። «እንኳን መጣህ» አሉት። «አረፋው ጠራ፤ አየኸው?»

«ጋሼ፣ ድንጋዩ ባለቤት አለው።»

ከሰውየው ይልቅ ውሃው የሰማው ይመስል ነበር፤ ምክንያቱም አድነው የሚያየው ውሃውን ነው። ግን ጀመረ፤ ከጀመረ በኋላም አላቆመም። የማን እንደሆነ፣ ያኔም እንደሚያውቅ፣ ረቡዕን ለምን እንደመረጠ፣ በሸንጎው የሆነውን፣ እትዬ ሳቢት ጎንበስ ማለታቸውን። መሳቁን ብቻ አስቀረ። ከዚያ እሱንም ተናገረ።

ጋሽ መዝገቡ ተነሥተው ቧንቧውን ዘጉ። ውሃው ከድንጋዩ ላይ ቀስ እያለ አለቀ።

«ጠይቄህ ነበር» አሉ።

«ጠይቀውኛል።»

«አለው ብትለኝ እንተወዋለን አላልኩህም?»

«ብለውኛል ጋሼ።»

ሰውየው ተመልሰው በርጩማቸው ላይ ተቀመጡ። «ሁለት ቤት የወሰዱብኝ ሰዎች እንኳ ወረቀት ሰጥተውኛል» አሉ። «የእኔን ሲወስዱ ስንት ሌሊት እንደተሳደብኩ ሙሉእመቤት ታውቃለች። አሁን እኔው የአንዲት አጣቢ ድንጋይ ወስጄ፣ አስቀምጬ፣ ባርኔጣ አውልቄ ቆምኩ።»

ወይዘሮ ሙሉእመቤት ከበረንዳው፣ «ነገ ይመለስ» አሉ። በዚህ ጊዜ ቀልድ አልነበረበትም።

«ነገ ጠዋት ጨለማ ሳለ...» ብሎ ጀመረ አድነው።

«የለም» አሉ ጋሽ መዝገቡ። «ነገ ቅዳሜ ነው፤ ሴቶቹ በሙሉ ወንዝ በሚኖሩበት ሰዓት እንወርዳለን። ሰዓት መምረጥ ታውቅበት የለም?»

ጉታ አገሩ ገብቷልና ድንጋዩ በእጅ ጋሪ ወረደ። አድነው ይገፋል፤ ጋሽ መዝገቡ ካፖርታቸውን ለብሰው፣ በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው የጋሪውን ጎን ይዘው አብረውት ይሄዳሉ። በጓሮ መንገድ አልሄዱም። በዋናው መንገድ፣ በሱቆቹ ፊት አለፉ።

«አድነው፣ የምን ድንጋይ ነው?» አለ አንድ ባለ ሱቅ።

አድነው ጋሽ መዝገቡን አየ። እሳቸው ፊታቸውን አዞሩ። «አንተን ነው የጠየቀህ።»

«የእትዬ ሳቢት ነው» አለ አድነው።

ሦስቱ ቃላት ወጡ። ቀላል አልነበሩም፤ በየሱቁ በር እንደገና ማውጣት ነበረበት። ሁለት ቦታ ላይ «ማን ወስዶት ነበር?» ተባለ፤ ሁለቱንም ጊዜ «እኔ» አለ። ከኋላቸው የሚከተል ሰው ተጠራቀመ።

ወንዝ ዳር ሲደርሱ ሴቶቹ አንድ በአንድ እጃቸውን አቆሙ። እትዬ ሳቢት ጨቅላው ድንጋይ ላይ ተንበርክከው አንሶላ ይዘዋል። ከእሳቸው ዝቅ ብላ ዓሊማ አለች። አድነው ጋሪውን አቆመ።

«እትዬ፣ እኔ ነኝ የወሰድኩት። የእርስዎ መሆኑን እያወቅሁ ነው። ጋሽ መዝገቡ ጠይቀውኝ ባለቤት የለውም አልኳቸው።»

እትዬ ሳቢት መጀመሪያ ድንጋዩን አዩ። ከዚያ እሱን። አረፋው ከክርናቸው ይንጠባጠባል።

«ትናንት እዚያ ስትቆም ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ስጎነበስ አይተኸኛል?»

«አይቻለሁ።»

«እሺ» አሉ። ሌላ ነገር የሚጨምሩ መስሎት ጠበቀ፤ ስድብ ቢሆን በተቀበለው ነበር። እሳቸው ግን ወደ ዓሊማ ዞሩ። «እዚያ አስቀምጠው። ከዓሊማ ዘንድ።»

«ለእኔ?» አለች ዓሊማ። «እኔ የራሴ አለኝ።»

«ያንቺ ጠባብ ነው። ሌባ ብዬሻለሁ።»

«ይቅርታ ጠይቀሽኝ የለም?»

«የጠየቅሁሽ ስለፈረዱብኝ ነው። በልቤ እንደ ሌባ ነበር የማይሽ፤ እስካሁን ድረስ። አሁን ነው የምጠይቅሽ።»

ዓሊማ አቀረቀረች። ከዚያ ትንሿን ድንጋይዋን በእግሯ ገፋ አደረገችና ለአድነው ቦታውን በአገጯ አሳየችው። አድነው ከተከተሏቸው ሰዎች በአንዱ ታግዞ ድንጋዩን አውርዶ፣ ውሃ ውስጥ ገብቶ፣ ዘንበል አድርጎ ተከለው። ሲተክለው የእትዬ ሳቢት የነበረው መሆኑን እጁ ያውቀዋል፤ ጎድጓዳው መሐል ላይ መዳፉ ሲያርፍ እሳት እንደነካ አነሣው። የመጣው ድንጋዩን ለባለቤቱ ሊመልስ ነበር። አሁን በገዛ እጁ ከባለቤቱ ለሌላ ሰው ሰጠው፤ ይህም ያው የእሱ ሥራ ነው።

እትዬ ሳቢት ወደ አንሶላቸው ተመለሱ። ክሩ ሲይዝባቸው ቀስ ብለው ያላቅቃሉ።

አድነው ከውሃው ሳይወጣ ቆመ። «እትዬ፣ ያንን... ላለስልስልዎት። በአሸዋና በድንጋይ ይታሻል።»

«በስንት ቀን?»

«ሦስት ወር... አራት ወር። በየቀኑ ከሆነ።»

«ከሥራ በፊት በጨለማ ሊመጣ ነው» አለች አንዷ አጣቢ።

«እኛ ባለንበት ነው የሚመጣው» አለች ዓሊማ። «ሰው እያየው።»

«አንገት ደፍቶ መሥራት እንደሆነ ያውቅበታል» አለች ሌላዋ፤ ሴቶቹ ሳቁ። በዚህኛው ሳቅ አድነው አልተባበረም።

እትዬ ሳቢት አንሶላውን ከድንጋዩ ላይ ሰብስበው፣ ጨምቀው፣ በክንዳቸው ያዙት። ከዚያ ተነሥተው ቦታውን ለቀቁለት። አድነው ተንበረከከ። ከወንዙ አሸዋ ዘግኖ ድንጋዩ ላይ በተነ፤ የእጅ መሙያ የሚያህል ጠጠር አንሥቶ ማሸት ጀመረ። ድምፁ ጥርስ ያጠርሳል። ጋሽ መዝገቡ ጥቂት ቆመው አዩትና ባዶውን ጋሪ እየገፉ ዳገቱን ወጡ።

ብዙ ከታሸ በኋላ እትዬ ሳቢት ጎንበስ ብለው በጣታቸው ሞከሩት። ምንም አልተለወጠም።

አድነው ቀና ብሎ አያቸው። ግማሹ የታጠበ የሰው አንሶላ በክንዳቸው ላይ ነው፤ ውሃው በቀሚሳቸው ላይ ይወርዳል። እሱ እያሸ እሳቸው ማጠብ አይችሉም። ያጠፋውን ሊያቃና ተቀምጦ፣ እንደገና ሥራ አስፈትቷቸዋል።

«ልነሣ እንዴ?» አላቸው።

«ጀምረኸዋል፣ እሸው» አሉ፣ ፀሐይዋን አየት አድርገው። «ብቻ ዛሬ ቶሎ በል። ልብሱ ሳይደርቅ እንዳይመሽብኝ።»